ለቦኬ መንገድ የመረጥነው ጎማ

ግንቦት 12 ቀን 1978፣ ማክሰኞ

ዛሬ የኮሚቴ አባል ሆንኩ። ለአውራጃችን አዲስ ላንድክሩዘር ተፈቅዷል። ከቦኬ፣ ከበደሳና ከቦርደዴ በሽተኛ ወደ አሰበ ተፈሪ ሆስፒታል ያመላልሳል። መኪናው አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ ቆሟል፤ የቀረው የጎማው ምርጫ ብቻ ነው። አስመጪው የላከው ቅጽ ሁለት ባዶ ሳጥን አለው። አንዱ ለቀጭኑ፣ ባለ አስራ ስድስት ኢንች። ሌላው ለሰፊው፣ ባለ አስራ አምስት። አንዱ ላይ ምልክት አድርገን መመለስ አለብን።

ሦስት ነን። ሊቀመንበሩ የጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጓድ ዓባይ፣ የነዋሪው ተወካይ ጫት ነጋዴዋ ወይዘሮ ዙህራ፣ ጸሐፊው እኔ። "ጋሽ አያና ሃያ ዓመት ጋዜጣ ላይ የሠራ ሰው ነው፣ ቃለ ጉባኤ አያቅተውም" አለ ዓባይ። ስለ ጎማ የማውቀው ክብ መሆኑን ነው።

ልጄ አይናዲስ ቦኬ ክሊኒክ ጤና ረዳት ናት። ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ይህን ለኮሚቴው መናገር አስፈላጊ አልመሰለኝም።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ሾፌሩን ሙሜን ጎሚስታው ደጃፍ አገኘሁት። የጤና ጽሕፈት ቤቱን አሮጌ ላንድሮቨር አስራ አንድ ዓመት ነድቷል፤ አዲሱም የሚሰጠው ለእሱ ነው። ካታሎጉን ዘረጋሁለት። ፊደል አይቆጥርም፤ ሥዕሉን ግን እኔ ጽሑፉን ካነበብኩት በላይ ቆይቶ አየው።

"ይሄ ያምራል" አለ፣ ሰፊውን በጣቱ ነክቶ። "ለሙሽራ ይሆናል። ለኔ ቀጭኑን አምጡልኝ።"

"ለምን?"

"ቀጭን ጭቃውን ቆርጦ ከሥር ያለውን ድንጋይ ያገኛል። ሰፊው ጭቃ ላይ ይተኛል።" ጣቱን ወደ ቀጭኑ ወሰደ። "ደግሞ ቀጭኑ የሁሉም እግር ነው። የመንግሥት እርሻው ላንድክሩዘር ይሄን ነው፣ የወይዘሮ ዙህራ የጫት መኪና ይሄን ነው። መንገድ ላይ ለቆመ ሰው ስኮርታህን፣ ትርፍ ጎማህን፣ ትሰጠዋለህ፣ አገሩ ሲደርስ ይልክልሃል። ጎማ እዚህ አገር አማና ነው፣ አደራ፣ ጋሽ አያና። አንተ ማንም የማያውሰኝን እግር ልታለብሰኝ ነው?"

ሙሜ ሁሉንም ሰው አንተ ይላል፤ አማርኛው እንደዚያ ነው፤ አልከፋኝም። የመንግሥት መኪና በውሰት አይሄድም ብዬ አሰብኩ። ሾፌር የለመደውን ይወዳል።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ተሰበሰብን። ካታሎጉን እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ስለ ሰፊው "ለስላሳ ጉዞ፣ ለተሳፋሪ ምቾት፣ በተለይም ለነፍሰ ጡር" አልኩ። ዓባይ ራሱን ነቀነቀ። ወይዘሮ ዙህራ ካታሎጉን ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ጀርባው ላይ ምንም የለም።

"ሾፌሩ ምን አለ?" አለችኝ።

"ሾፌር የለመደውን ይወዳል" አልኩ።

"እሱን አልጠየቅኩም።"

ዓባይ ሰዓቱን አየ። በሁለት ድምፅ ሰፊው ተመረጠ። እሷ እጇን አላወጣችም፣ አልተቃወመችምም። ሙሜ ያለውን ቃለ ጉባኤው ላይ አላሰፈርኩም፤ አባል አይደለም።

ሌሊት። አንድ ነገር። ካታሎጉ ላይ "በተለይም ለነፍሰ ጡር" የሚል የለም። እኔ ነኝ የጨመርኩት። ሃያ ዓመት የሰው ንግግር ጽፌ አንድ ቃል አልጨመርኩም ብዬ ስኮራ ኖሬያለሁ።

የአይናዲስ እናት በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ሁለተኛ ልጃችንን ልትወልድ በጭነት መኪና ስትወሰድ መንገድ ላይ አረፈች። መንገጫገጩ ነው አሉ ያኔ። ስለዚህ ጉዳይ ዛሬ አልጽፍም።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

መኪናው ገባ። ከገበያው በላይ ያለው መታጠፊያ ላይ ብቅ ሲል ሰው ከየሱቁ ወጣ። ነጭ ነው። ጎማዎቹ ከአካሉ ወጣ ብለው ተቀምጠዋል፣ ደረቱን እንደነፋ ሰው። እንዲህ ያለ ጎማ አሰበ ተፈሪ አይታ አታውቅም። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው በመዳፋቸው ለኩት፤ ሦስት መዳፍ ሞላ። "ማሻአላህ" አሉ፣ መዳፋቸውን እያዩ።

እኔም ነካሁት። ያፈርኩበት ነገር የለም፤ ልቤ ሞልቶ ነበር። እኔ በእርሳስ ያደረግኩት ትንሽ ምልክት ይህን የሚያህል ነገር ሆኖ መጣ።

ሙሜ አንድ ጊዜ ዞረው። በዱላ አራቱንም መታ መታ አደረገና ድምፁን አዳመጠ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዶ የታሰረውን አንድ ስኮርታ አየ። "አንድ ብቻ" አለ።

ሰኔ 27፣ ዓርብ

በደሳ ደርሰን መጣን። አንዲት ሴትዮ ትኩሳት ይዟት ተኝታ መጣች፤ እንቅልፍ ወሰዳት። በዚያ መንገድ እንቅልፍ። ዓባይ ይህን ለዜና ጻፈው አለኝ። ጻፍኩት።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ከመድኃኒት ጋር ቦኬ ሄድኩ። የዜና ሥራ ነው ብያለሁ።

ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ሙሜ አቆመና ወረደ። ጭቃውን በተረከዙ ረገጠ፣ የሞላውን ውኃ ቀለም አየ። ከዚያ በየጎማው ጎንበስ እያለ በክብሪት እንጨት ነፋስ ማስወጣት ጀመረ። መለኪያ የለውም። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ፉጨቱ በሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ ይበቃል ይላል፤ አራቱም ላይ ተመሳሳይ ቦታ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ልዩነቱን ልሰማ ሞከርኩ። አልሰማሁም። ብዙ የተማረ ሰው አነጋግሬያለሁ፤ እንዲህ አድርጎ የሚያዳምጥ ግን አላየሁም። ቁልቁለቱን ስንወርድ መኪናው እንደ ድመት እግሩን እያኖረ ነበር።

አይናዲስ ከብዳለች። ፊቷ ሞልቷል። ባሏ መምህር ነው፣ ለክረምት ኮርስ አዲስ አበባ ሄዷል። ከእኔ ጋር ወደ ከተማ ነይ አልኳት።

"ኩፍኝ ገብቷል አባዬ። እኔና ሞሚና ብቻ ነን። አንዳችን ከሄድን ክሊኒኩ ይዘጋል።"

"ሲደርስብሽስ?"

በመስኮቱ መኪናውን አሳየችኝ። ሕፃናት ጎማው ላይ እየተደገፉ ይለካኩ ነበር። "ያንን የመረጥክልኝ ለምንድን ነው ታዲያ?" ብላ ሳቀች።

አልነገርኳትም ነበር። ማን እንደነገራት አላውቅም።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

የፊት ቀኝ ጎማ ጎኑ ላይ ተቀደደ። ቦኬ ቁልቁለት ላይ፣ ስለት ያለው ድንጋይ። ሰፊው ጎማ ከአካሉ ስለሚወጣ ጎኑ ድንጋዩን ይፈልገዋል አለ ሙሜ። ጎሚስታው አየው፤ የጎን ቁስል አይለጠፍም። ስኮርታው ገባ። አሁን ስኮርታ የለም።

ለአስመጪው ደብዳቤ። አስቸኳይ ብዬ በቀይ አሰመርኩ።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

መልስ መጣ። በዚህ መጠን ጎማ አዲስ አበባ የለም። መርከብ ይጠበቃል።

በከተማው ያለውን ሁሉ ጠየቅኩ። የእርሻውን፣ የመንገድ ሥራውን፣ የጫት መኪኖቹን። ሁሉም ሊሰጠኝ ወደ ስኮርታው ይሄዳል፤ ከዚያ መጠኑን ስነግረው ይቆማል። አንዱ "እንዲህ ያለ ቁጥር አለ እንዴ?" አለኝ።

ሙሜ መፍትሔ አለው፦ አራቱንም ሰፊ አውልቀን አራት ቀጭን ተውሰን እንሰር፤ ቡሎኑ ያው ስድስት ነው። ዓባይን አነጋገርኩ። ዓባይ ክፉ ሰው አይደለም። ንብረት መዝገብ ላይ የሰፈረው ባለ አስራ አምስት ስለሆነ ያለ ደብዳቤ መለወጥ አይቻልም አለ። የመረጠውም ኮሚቴው ነው አለ። ቃለ ጉባኤውን አውጥቶ አሳየኝ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል።

ለክፍለ ሀገሩ ደብዳቤ ጻፍኩ።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

መልስ የለም። ትናንትም ዛሬም ዝናብ። መኪናው ያለ ስኮርታ ሁለቴ በደሳ ተመላልሷል። ሞተሩን በሰማሁ ቁጥር ወጥቼ ጎማዎቹን እቆጥራለሁ። አራት።

ሙሜ ስለ ግንቦቱ አንድም ቀን አላነሳብኝም። ቢያነሳ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ጠዋት ሁለት ሰዓት። ከቦኬ በፖሊስ ሬዲዮ። አይናዲስ ደም እየፈሰሳት ነው። ሙሜ ሞተር አስነስቷል። ሄድኩ።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

አሁን መጻፍ እችላለሁ። በቅደም ተከተሉ ልጻፍ።

ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ የኋላ ግራ ጎማ ፈነዳ። ሙሜ ወረደ፣ አየ። ድንጋይ አንስቶ ጎማዎቹ ሥር ወሸቀ። እኔ መንገዱ ዳር ቆምኩ። ከሥር ቦኬ በጭጋጉ ውስጥ ብልጭ ጥፍት ይላል። በእግር ብሄድ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አሰላሁ። ደርሼስ ምን አደርጋለሁ? እሷን ተሸክሜ ልወጣ?

መጀመሪያ የመጣው ከላይ ነው፣ የእርሻው ላንድክሩዘር፤ ሾፌሩ ዓሊዩ። ቆመ። ቀጥሎ ከታች የወይዘሮ ዙህራ የጫት መኪና መጣ፣ አናቱ ድረስ ተጭኖ፣ እያቃሰተ። ሾፌሩ አብዶ የቦርደዴ ሰው ነው። ማግሥቱ አረፋ ነበር። ጫት ደግሞ ደቂቃ ቆሞ አይጠብቅም፤ ይጠወልጋል። ያልፋል ብዬ ነበር። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

"ሙሜ! ሙሽራህን ጫማዋን አስወለቅካት?"

"ሳቅህን ለአረፋ አቆየውና ክሪኩን ያዝ።"

"የኔ እግር ለሷ ይሆናል?"

"ቡሎኑ ይሆናል። ቁመቱ በሁለት ጣት ይበልጣል። አንዱን ብቻ ካሰርኩ ዲፈረንሻሉን ይበላዋል።" ወደ ዓሊዩ ዞረ። "ሁለት ስጡኝ። ለኋላ ጥንድ ይሁን። ፊቱ ሰፊ ይቆይ፤ ልዩነቱ የሚጎዳው በደረቅ መንገድ ነው፣ በጭቃ እየተንሸራተተ ይታረቃል።"

ማንም ወዴት ነው፣ ለማን ነው፣ መቼ ትመልሳለህ አላለም። አብዶ ስኮርታውን ከጫቱ ሥር ጎትቶ አወጣ፤ ዓሊዩም የራሱን አወረደ። ሁለቱም ከዚያ ወዲያ ያለ ስኮርታ መሄዳቸው ነው፣ በዚያ ዝናብ። ቡሎኖቹን በባርኔጣዬ ያዝኩ። ሌላ የሚያሠራኝ አልነበረም። የአብዶ ጎማ ቸርኬ ቀለሙ ተልጦ ሥሩ ሌላ ቀለም፣ ከዚያም ሥር ሌላ ነበር፤ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ የወታደር ቡኒ። አንዳንዱ ቦታ ፊደል ነበረበት፣ ተፍቆ።

ሲጀምሩት ሳላየው ጨረሱት ማለት ይቻላል። አብዶ እጁን በሣር ጠረገና አንድ እስር ጫት ለሙሜ በመስኮት ወረወረለት።

"ለመንገድ።"

"ስኮርታህን በማን ልላክልህ?" አልኩት።

ያላዋቂ ጥያቄ እንደጠየቅኩት አየኝ። "ይመጣል" አለና ሄደ።

አይናዲስ አልጋ ላይ ነበረች፣ ከንፈሯ ነጭ። ሞሚና የደም ግፊቷን በብጣሽ ወረቀት በየግማሽ ሰዓቱ ጽፋለች፤ እንደዚያ ያለ ንጹሕ ጽሑፍ ጋዜጣ ቤት አላየሁም። ቁጥሩ እየወረደ ነው። ከኋላ አስተኛናት። ሞሚና እግሯን ከፍ አድርጋ ያዘች። እኔ ራሷን ጭኔ ላይ አደረግኩ።

ሽቅቡ ላይ ጭቃው እስከ ቡሎኑ ይደርስ ነበር። ፊቱ ተንሳፈፈ፤ መሪው ባዶውን ዞረ። ያን ጊዜ ከኋላ የሆነ ነገር ሲይዝ በወገቤ ተሰማኝ። ቀጭኖቹ ጭቃውን ቆርጠው ወርደው ድንጋዩን አገኙት። እንዴት ልግለጸው? ጨለማ ክፍል ውስጥ እየዳበሰ የነበረ ሰው የበሩን እጀታ ሲይዝ። ሙሜ በግንቦት የነገረኝን ቃል በቃል በአካሌ ሰማሁት። መኪናው እየገፋ ወጣ።

አይናዲስ ዓይኗን ገልጣ "አይንገጫገጭም" አለችኝ። ይንገጫገጭ ነበር። በጣም።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ሆስፒታል ውስጥ ወለደች። ሴት ናት። ሁለቱም አሉ።

ትናንት ጠዋት የሶላት ድምፅ ከሜዳው እየመጣ የሕፃኗን እግር መዳፌ ላይ አድርጌ አየሁ። ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። አምስት ጣት በየቦታው። ያን የሚያህል ነገር እዚህ እንዲደርስ ስንት ሰው መንገድ ላይ መቆም ነበረበት? ቆጥሬ ልጨርሰው አልቻልኩም።

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ከአጀንዳው በፊት የግንቦት 18 ቃለ ጉባኤ እርማት አለኝ አልኩ። ቆሜ አነበብኩት። ሾፌሩ ሙሜ ቀጭኑ ጎማ እንዲመረጥ ምክንያቱን ዘርዝሮ መናገሩን፤ ጸሐፊው ይህን አውቆ መተዉን፤ በካታሎጉ ላይ ነፍሰ ጡርን የሚመለከት ቃል አለመኖሩን፤ ጸሐፊው በወቅቱ ነፍሰ ጡር ልጅ እንደነበረችው።

ዓባይ ብዕሩን ሲያገላብጥ ቆየ። "ይሄ ሁሉ መጻፍ አለበት?" አለ።

"አለበት" አለች ወይዘሮ ዙህራ። ከዚያ ወደ በሩ ዞረች። "ሾፌሩ ውጭ አለ አይደል? ግባ በሉት። ዛሬስ ምን ይላል?"

ሙሜ ገባና ቆመ። "አምስት ቀጭን፣ ቀለበት ያለው ቸርኬ፣ መንገድ ዳር በብረት ተፈልቅቆ የሚለጠፍ" አለ። አንድ ቃል ሳልጨምር ጻፍኩት። ዓባይ ፈረመ። በክፍለ ሀገሩ መጋዘን ውስጥ አምስት እንዳለ ታውቋል፤ ግንቦትም ላይ ነበር።

ስንወጣ ዙህራ "ጋሽ አያና፣ ያን ቀን የደረቀብኝ ጫት ግማሽ መኪና ነው" አለችኝ። ምን ልበል ብዬ ስጨነቅ ሳቀች። "ስሟን ማን አላችኋት?"

ገና ነው አልኳት።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

አዲሶቹ ጎማዎች ታሰሩ። የዓሊዩን ስኮርታ ሙሜ እያንከባለለ መለሰለት። የአብዶን እኔ ራሴ አደርሳለሁ አልኩ። ሙሜ "ለሚያልፍ መኪና ስጠው" አለኝ። እምቢ አልኩ። በጠዋቱ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ቦርደዴ ወረድኩ። አስራ ሁለት ቀን ያለ ስኮርታ የኖረ ሰው ፊት ልቆም ነው ብዬ መንገዱን ሙሉ የይቅርታ ቃል ሳዘጋጅ ነበር።

አብዶ ቤቱ ደጃፍ መኪናውን ሲያጥብ አገኘሁት። ጎማውን እያንከባለልኩ ስመጣ አይቶ ባልዲውን አስቀመጠ።

"ልጅቷ ነገያ?"

"ደህና ናት። ሴት ልጅ ወለደች።"

"አልሐምዱሊላህ።" ጎማውን አየ፣ እኔን አየ፣ ልብሴን አየ። "ይሄን ይዘህ በአውቶቡስ መጣህ? ወላሂ ጋሽ አያና፣ ለማንም ሾፌር ብትሰጠው ይደርስ ነበር።"

"የሰው ዕቃ በእጅ ይመለሳል ብዬ ነው።"

"የኔ አይደለም እኮ።"

የማን ነው አልኩ። እጁን በሱሪው ጠርጎ ቁጢጥ አለና ቸርኬውን በጥፍሩ እየነካ አሳየኝ። ቡኒው ሲቀባ እሱ አያውቅም። ቀዩ ከሂርና የመጣ መኪና ላይ ሳለ ነው። አረንጓዴው የአንድ የበደሳ ቡና ጫኝ ነው። ጎማው ራሱ ሁለቴ ተለውጧል፣ የውስጡ ካለመዳሪ ብዙ ጊዜ፤ ያረጀበት ሰው ይለውጠዋል። የመጀመሪያው ባለቤት የዚህ መንገድ ሾፌር ነበር፣ ከአስራ አንድ ዓመት በፊት አርፏል። በሞተበት ቀን ስኮርታው ሌላ ሰው ጋ ነበር። ያ ሰው ሊመልስ ለቅሶ ቤት ሲሄድ ልጆቹ አንቀበልም አሉ። ለአባታችን ሰደቃ ይሁን፣ ይዙር አሉ። ከዚያ ጀምሮ ይዞራል።

"ሲፈልጉት ማን ጋ እንዳለ እንዴት ይታወቃል?"

"የቆመ ሰው ጋ ነው የሚሆነው" አለ አብዶ።

ቁጭ አልኩ፣ ጎማው ላይ። ብዙ ዓመት ስለ ሰዎች ጽፌአለሁ። በዚህ መንገድ ላይ ሦስት ዓመት ተመላልሻለሁ። ይህ ነገር በአጠገቤ ሲያልፍ ስንት ጊዜ አቧራውን ከዓይኔ ጠርጌ ይሆን?

"እኔ ሌላ አግኝቻለሁ፣ የሚኤሶ ሰው ሰጠኝ" አለ አብዶ። "ይልቅ በደሳ ላይ አንድ መኪና በሦስት እግሩ ቆሟል ሲሉ ሰማሁ ጠዋት። ወደዚያ የሚሄድ ታውቃለህ?"

ማታ፣ ቤት። ይዤው ተመለስኩ፣ በጭነት መኪና ላይ። የአውቶቡሱ ረዳት ጠዋት ያወረደውን ጎማ መልሼ ስጭን ቢያየኝ ምን ይል ነበር? አሁን አልጋዬ ሥር ነው። አይናዲስና ሕፃኗ በጓዳው በኩል ተኝተዋል።

የብረት ሳጥኔን ከቀባሁበት የተረፈች ትንሽ ሰማያዊ ቀለም አለችኝ። ስሜን ልጽፍበት ብሩሹን ነክሬ ነበር። ቸርኬው ላይ ባዶ ቦታ ፈልጌም አገኘሁ። ከዚያ ብሩሹን ጠረግኩት።

የበደሳ አውቶቡስ ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት ይነሳል።